ካርቶኑ ያልተከፈተ ርካሽ ላፕቶፕ ይሻላል ወይስ ስላይትሊ ዩዝድ?

ልጅ ዩኒቨርሲቲ የደረሰለት ዘመድና ጓደኛ ሁሉ ሲደውልልኝ ጥያቄው አንድ ነው፣ "ይሄን ያህል ብር ይዣለሁ፣ ምን ላፕቶፕ ልግዛለት?" ለእያንዳንዱ በስልክ ሳስረዳ ግማሹን እረሳዋለሁ፣ ሰውየው ደግሞ ሱቅ ሲገባ ሻጩ ሌላ ይነግረውና ግራ ይገባዋል፣ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፦ ብራችሁ ትንሽ ከሆነ ካርቶን ውስጥ ያለውን ርካሽ አዲስ ተዉትና ፕሮሰሰሩ (የላፕቶፑ አንጎል) ኮር አይ 5 ሆኖ 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዛ በላይ የሆነ፣ 8 ጂቢ ራም (የተከፈተው ፕሮግራም የሚሰራበት ጊዜያዊ ሚሞሪ) እና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማስቀመጫ) ያለው ስላይትሊ ዩዝድ የቢሮ ላፕቶፕ ግዙ። ብራችሁ ደህና ከሆነ አዲስ ግዙ፣ የትኛውን አዲስ የሚለውን ወደታች እመጣበታለሁ።

ይሄን አጥብቄ የምለው በእህቴ ልጅ ስላየሁት ነው። ሁለተኛ ዓመት አካውንቲንግ ተማሪ ናት፣ አባቷ "ልጄ የሰው እጅ የነካው አትይዝም" ብሎ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ቀጭን፣ የሚያምር ነጭ ላፕቶፕ ገዛላት። ሶስት ወር ሳይሞላው ይዛልኝ መጣች። ስከፍተው ሲ ድራይቭ ቀይ መስመር ላይ ደርሷል፣ ከ64 ጂቢው የቀረው 2 ጂቢ አይሞላም፣ ዊንዶውስ አፕዴት ላድርግ ይላል ቦታ የለም ብሎ ይመልሳል፣ ኤክሴል ጠቅ ስናደርግ ነጭ ሆኖ ቆመና እኛ ቡናውን ጠጥተን አቦል ስንጨርስ ነው የተከፈተው። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ "አጎቴ እኔ ነኝ አይደል ያበላሸሁት?" አለችኝ። አልተበላሸም እኮ፣ ሲገዛም እንደዛ ነበር። አባቷ የደከመበት ብር ነው፣ እሷ ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ብላ ሶስት ወር ዝም ብላ ነው የተሰቃየችው፣ እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እነዚህ ርካሽ አዲሶች ላይ ያለው ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ ሴሌሮን ነው፣ ለምሳሌ ኤን4020 የሚባለው ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፣ ማለት ስራውን ሁሉ የሚሰሩት ሁለት ሰራተኞች ናቸው እንደማለት። ራሙ 4 ጂቢ ነው፣ አብዛኛው ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ ነገ ልጨምርበት ብትሉ አይሆንም። ማስቀመጫው ደግሞ ኤስኤስዲ ሳይሆን ኢኤምኤምሲ የሚባለው፣ ርካሽ ስልክ ውስጥ ያለው አይነት ነው፣ ፍጥነቱ በወረቀት ላይ እንኳን በሰከንድ ከ400 ሜጋባይት አያልፍም፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ኤስኤስዲ ግን ሺዎች ውስጥ ነው የሚጫወተው። አሁን ልብ በሉ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ለዊንዶውስ 11 ያስቀመጠው ትንሹ መስፈርት 4 ጂቢ ራምና 64 ጂቢ ማስቀመጫ ነው። እና ያ ላፕቶፕ የተሰራው ልክ እታችኛው መስመር ላይ ነው፣ ዊንዶውሱና አፕዴቶቹ ብቻ ትልቁን ቦታ ይዘው ቁጭ ይላሉ፣ የናንተን ፋይል የት ታስቀምጡታላችሁ?

ወደ ስላይትሊ ዩዝዱ እንምጣ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ትላልቅ ካምፓኒዎች ለሰራተኛ የሚሰጡትን ላፕቶፕ ሶስት አራት ዓመት ተጠቅመው በጅምላ ይለውጡታል፣ የተለወጠው ተሰብስቦ ይሸጣል፣ ብዙው በዱባይ አድርጎ እኛ ጋር ይደርሳል። እነዚህ ለቢሮ የተሰሩ ማሽኖች ናቸው፣ አዲስ እያሉ ዋጋቸው ውድ የነበረ፣ ኪቦርዳቸው ትንሽ ውሃ ቢፈስበት እንዲችል የተሰራ፣ በጠመንጃ መፍቻ ተከፍተው ራምና ዲስክ የሚቀየርላቸው። መርካቶም መገናኛም ቦሌም ሱቆቹ ውስጥ ደጋግማችሁ የምታዩዋቸው ሶስቱ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤች ፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ዴል ላቲትዩድ 7490 ናቸው። ሶስቱም ሁለት የራም ቦታ አላቸው፣ ዛሬ 8 ጂቢ ገዝታችሁ ብር ሲገኝ 16 ታደርጉታላችሁ። ሶስቱም በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ይደረጋሉ፣ 65 ዋት የሆነ ደህና ቻርጀር ካለ ዋናው ቻርጀር ቢበላሽ አትቆሙም።

ከሶስቱ ምረጥ ካላችሁኝ እኔ ቲ480ን ነው የማስቀድመው፣ ምክንያቱም መብራት ነው። ሁለት ባትሪ ነው ያለው፣ አንዱ ውስጥ የተቀመጠ ሌላው ከጀርባ የሚነቀል፣ የጀርባውን ላፕቶፑን ሳታጠፉት ነቅላችሁ ሌላ የሞላ ባትሪ መሰካት ትችላላችሁ። መብራት እየሄደ እየመጣ አሳይመንት ለሚሰራ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ውበት የሚፈልግ ሰው ኤሊትቡኩን ይወደዋል፣ አሉሚኒየም ነው፣ ቀጠን ይላል። ላቲትዩዱም ጠንካራ ነው፣ እሱ ላይ ቻርጀሩን ተጠንቀቁ፣ የዴል ቻርጀር ውስጡ መለያ አለው፣ ፎርጅድ ከሆነ ላፕቶፑ አላወቅኩትም ብሎ ባትሪውን አይሞላም ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ስትገዙ ሲከፈት እንደዛ የሚል ማስጠንቀቂያ ካወጣ ቻርጀሩን አስቀይሩ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጀነሬሽን። ሻጭ "ኮር አይ 7 ነው" ሲል ብዙ ሰው ልቡ ይሸነፋል። አይ 7 መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ የስንተኛ ጀነሬሽን አይ 7 ነው? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ የ7ኛ ጀነሬሽኑ አይ 7-7600ዩ ሁለት ኮር ነው ያለው፣ የ8ኛው አይ 5-8250ዩ ግን አራት ኮር ነው። አይ 5ቱ ይበልጠዋል ማለት ነው፣ እና 3ኛና 4ኛ ጀነሬሽን አይ 7 በውድ ገዝተው ጉራ የሚነዙ ልጆች አይቻለሁ፣ ያሳዝኑኛል። የምትለዩት በቁጥሩ ነው፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው አራት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ጀነሬሽኑ ነው፣ 6300 ካለ 6ኛ፣ 8350 ካለ 8ኛ። በ10፣ በ11፣ በ12 ከጀመረ ደግሞ 10ኛ፣ 11ኛ፣ 12ኛ ነው። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ፣ ስቲከር ለብቻው ይሸጣል። ሴቲንግ ገብታችሁ ሲስተም ከዛ አባውት የሚለውን ተጫኑ፣ እዛ የሚጻፈውን ነው የምታምኑት። ሞዴሉንም ብቻ አትመኑ፣ ቲ480 ሆኖ 7ኛ ጀነሬሽን ያለውም ተሰርቷል፣ ኤሊትቡኩም ላቲትዩዱም እንደዛው።

ለምን 8ኛ ላይ ሙጭጭ አልኩ? ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 14፣ 2025 ጀምሮ፣ በኛ ጥቅምት 4፣ 2018 ማለት ነው፣ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂት በስተቀር 8ኛ ጀነሬሽንና ከዛ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ያለው ነው የሚፈልገው። ከዛ በታች የሆነውን ሻጮች በዘዴ ዊንዶውስ 11 ጭነውበት ይሸጡላችኋል፣ ይሰራል፣ ግን በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ አፕዴት በራሱ አይመጣለትም፣ ማይክሮሶፍትም ለእንደዚህ አይነቱ ማሽን ዋስትና አልሰጥም ብሏል። አፕዴት የሌለው ላፕቶፕ ደግሞ በር እንደሌለው ቤት ነው፣ ባንካችሁንም ኢሜይላችሁንም የምትከፍቱት እሱ ላይ ነው። ቤታችሁ ያለው አሮጌ ዊንዶውስ 10 ከሆነ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ባክአፕ ካደረጋችሁ እስከ ኦክቶበር 2026 ድረስ የሴኩሪቲ አፕዴት በነጻ የምትመዘገቡበት መንገድ አለ፣ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።

ስላይትሊ ዩዝድ እንከን የለውም አላልኩም። እንዳውም ሳይፈተሽ ከተገዛ ከሴሌሮኑ የባሰ ጣጣ ያመጣል። እኔ ሱቅ ስገባ ሻጩ እስኪሰለች ድረስ ነው የምፈትሸው፣ እናንተም አትፈሩ፣ ብሩ የናንተ ነው። መጀመሪያ ባትሪው። ሲኤምዲ (ስታርት ላይ cmd ብላችሁ ስትጽፉ የሚመጣው ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍታችሁ powercfg /batteryreport ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ ፋይል ያወጣላችኋል፣ ክፈቱት። ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለው ሲሰራ የነበረው ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚለው አሁን የሚይዘው። 50 ሺህ የነበረው 31 ሺህ ካለ 62 ፐርሰንት ቀርቶታል ማለት ነው፣ ዋጋ አስቀንሱበት ወይም ሌላ ይምጣልን በሉ። "ባትሪው አራት ሰዓት ይሄዳል" የሚለውን ወሬ እዛው ተዉት።

ቀጥሎ ኖትፓድ ከፍታችሁ የኪቦርዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ሁሉንም ተጫኑ፣ ጊዜ ይፈጃል ግን አንዲት የማትሰራ ፊደል ዓመቱን ሙሉ ታስለቅሳችኋለች። ስክሪኑን ሙሉ ነጭ ገጽ አድርጋችሁ ነጠብጣብና ጥላ ፈልጉ፣ ፉል ኤችዲ (1920 በ1080) መሆኑንም እዩ፣ 1366 በ768 የሆነ ስክሪን ያላቸው ብዙ ናቸው፣ ዓይን ያደክማል። ማጠፊያው ሲከፈት ከጮኸ ወይ ከላላ ተዉት። ዩኤስቢውን ሁሉ በፍላሽ ሞክሩ፣ የዩኤስቢ ሲውን ቻርጅ ማድረጉን ሞክሩ፣ ካሜራ፣ ድምጽ፣ ዋይፋይ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ የዲስኩን ጤና በፐርሰንትና ስንት ሰዓት እንደሰራ ትነግራችኋለች።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መቆለፉን ነው። እነዚህ የካምፓኒ ላፕቶፖች ስለነበሩ አንዳንዱ ከድሮ ባለቤቱ ሲስተም ውስጥ ሳይወጣ ነው የሚሸጠው። አንድ ጎረቤቴ እንዲህ ሆኖበታል፣ ስድስት ወር ተጠቅሞበት ቫይረስ ገባ ብሎ ሪሴት ሲያደርገው፣ ኢንተርኔት ሲገናኝ የማያውቀው የውጭ አገር ካምፓኒ ስም መጥቶ "በመስሪያ ቤት ኢሜይልህ ግባ" አለው፣ በቃ ቆመ። ሻጩ ያለ ኢንተርኔት ስለጫነው ነው እስከዛ ያልታየው። ስለዚህ ሻጩን እዚሁ ፊት ለፊቴ ሪሴት አድርገውና በስልኬ ሆትስፖት አስጀምረው በሉት። እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ባዮስም (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ሴቲንግ) ግቡ፣ ላፕቶፑ ሲበራ የምትጫኑት ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤች ፒ ላይ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 ነው፣ ፓስወርድ ከጠየቀ አትግዙት። ደረሰኙ ላይ ደግሞ ሲሪያል ቁጥሩና የስንት ቀን ጋራንቲ እንደሆነ በእጁ ይጻፍላችሁ።

ማክቡክስ ለምትሉ አጭር ነው፣ በኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሰራ አሮጌ ማክቡክ አትግዙ። አፕል ማክኦኤስ ታሆ የሚባለው ሲስተም ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው ነው ብሏል፣ የ2017ቱ ማክቡክ ኤር ከዛም ቀድሞ ነው የቆመው። በኖቬምበር 2020 የወጣው ማክቡክ ኤር ኤም1 ግን ዩዝዱም ቢሆን አሪፍ ነው፣ ባትሪው ይቆያል፣ ማራገቢያ ስለሌለው አይጮህም። የድሮ ባለቤቱ የአይክላውድ አካውንት ከውስጡ መውጣቱን ሳታረጋግጡ ብር እንዳትሰጡ። ራሙ አይጨመርም፣ ሲበላሽ ጥገናው ውድ ነው፣ አካውንቲንግና ኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሰራ ሶፍትዌር ይገጥመዋል። ለቪዲዮና ለዲዛይን ከሆነ ግዙት።

አዲስ የሚገዛ ብር ያለው ሰው 12ኛ ጀነሬሽንና ከዛ በላይ ኮር አይ 5 ወይም የኤኤምዲውን ራይዘን 5፣ 16 ጂቢ ራም፣ 512 ኤስኤስዲ ይግዛ፣ ከዩዝዱ የሚበልጥበት ብዙ ነው፣ ጋራንቲ አለው፣ ባትሪው አዲስ ነው፣ ብዙ ዓመት አፕዴት ያገኛል። ራይዘን ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ራይዘን 5 7520ዩ የሚባለው በስሙ አዲስ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ከ2019 የመጣው ዜን 2 የሚባለው የድሮ ዲዛይን ነው። በ7 ከሚጀምሩት ራይዘኖች ላይ ሶስተኛውን ቁጥር እዩ፣ 2 ከሆነ ዜን 2፣ 4 ከሆነ ዜን 4። ለመጻፍ ለማንበብ መጥፎ አይደለም፣ ግን በአዲስ ዋጋ አትግዙት። ከርካሾቹ ውስጥ ደግሞ ኤን100 ፕሮሰሰር፣ 8 ጂቢ ራምና እውነተኛ ኤስኤስዲ ያለው ካገኛችሁ ከድሮው ሴሌሮን በጣም ይሻላል፣ አራት ኮር ነው፣ አዲስ ካልሆነ አልይዝም ለሚል ሰው እሱን እመክራለሁ።

ዋጋ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፣ የላፕቶፕ ዋጋም አብሮ ሄዷል፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ስታነቡት ያሳስታችኋል። በአንድ ቀን ሶስት ሱቅ ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ ራም፣ ያንኑ ዲስክ ጠይቁና አወዳድሩ፣ ቴሌግራም ላይ ያያችሁትንም ሄዳችሁ ሳታዩት ቀብድ አትላኩ። አሜሪካ ወይ አውሮፓ ዘመድ ያለው ሰው ሪፈርቢሽድ (ተፈትሾና ታድሶ የሚሸጥ ዩዝድ) የተባለውን ቢያስመጣ ጥሩ ነው፣ ቻርጀሮቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚሰሩ የአሜሪካውም እዚህ ይሰራል፣ ሶኬቱን ብቻ ማስተካከል ነው። ትርፍ ባትሪ የሚያመጣ ሰው ግን በእጅ ሻንጣው ይያዘው፣ ጭነት ውስጥ አይፈቀድም።

አሁን ተገዝቶ ቤት ገባ እንበል። ሻጩ ዊንዶውስና ኦፊስ በክራክ፣ ማለት ፈቃዱን በሚያልፍ ፕሮግራም፣ ጭኖላችሁ ይሆናል፣ እንደ ውለታ ነው የሚቆጥሩት። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ክራኩ እንዲሰራ መጀመሪያ የሚሉት "አንቲቫይረሱን አጥፋው" ነው፣ አስቡት፣ ዘበኛውን አስወጥታችሁ የማታውቁትን ሰው እያስገባችሁ ነው። በእንደዚህ አይነት አክቲቬተር ተሸፍኖ የፓስወርድ ሌባ እንደሚገባ በደንብ የታወቀ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ እነዚህ የካምፓኒ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ኦርጅናል የዊንዶውስ ፈቃድ ማዘርቦርዳቸው ላይ አለ፣ ከማይክሮሶፍት ራሱ ያወረዳችሁትን ዊንዶውስ ብትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ብቻውን አክቲቬት ይሆናል። ኦፊስ ካልቻላችሁ ሊብሬኦፊስ ነጻ ነው፣ አማርኛም በደንብ ይጽፋል።

አንቲቫይረስ ግዙ የሚሏችሁን ለተማሪ አያስፈልግም በሏቸው፣ ዊንዶውስ ዲፌንደር አብሮ ይመጣል፣ ካልተነካና አፕዴት ከሆነ ይበቃል። የኛ አገር ትልቁ ጠላት ፍላሽ ነው፣ ፎቶኮፒ ቤት ሰክታችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ሾርትከቱን ዳብል ክሊክ አታድርጉ፣ ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው፣ መጀመሪያ በዲፌንደር ስካን አድርጉት ከዛ ሂድን ፋይል አሳይ በሉት። የምታሳትሙትን ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ወይ በኢሜይል ላኩ፣ ፍላሹን ከናካቴው ተገላገሉት። የቴሌግራማችሁንና የጂሜይላችሁን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በዛው ቀን አብሩ፣ ፓስወርዳችሁ ቢሰረቅ እንኳን አካውንታችሁ በቀላሉ አብሮ አይሄድም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉት፣ ሲመለስ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት።

የእህቴ ልጅ አሁን ቲ480 ነው የያዘችው፣ ያንን ነጩን ላፕቶፕ ማንም በደህና ዋጋ አልገዛ ስላለን በዊንዶውሱ ፈንታ ሊነክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫንኩበት፣ ቀላል ስለሆነ ቦታ ተረፈው፣ ታናሽ ወንድሟ ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ማታ ማታ ፒዲኤፍ ያነብበታል፣ አማርኛ ኪቦርድም አስገብቼለት ድርሰቱን ራሱ እየተየበ ነው።